የዒድ ዶሮና የዒድ ሶላት፦ ድስቱ እኛን ይጠብቅ እንጂ እኛ ድስቱን አንጠብቅ



በዒድ አልፈጥር ጠዋት ቢቸናም ሞጣም አንድ መልክ አላቸው። አባወራውና ልጆቹ ገላቸውን ታጥበው፣ ያላቸውን ጥሩ ልብስ ለብሰው፣ ተክቢራ እያሰሙ ወደ ሶላቱ ቦታ ይወጣሉ። በብዙ ቤት ግን አንድ ሰው ይቀራል። ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም፣ ዶሮው አልተበለተም፣ እንግዳ ደግሞ ከሶላት በኋላ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ምድጃው ሥር ትቀራለች። ወሩን ሙሉ እየጾመች ለስሁር ስትነሳ፣ ለኢፍጣር ስታቀርብ የከረመችው እሷ ናት። የዒዱ ሶላት የሚያመልጣትም እሷን ነው።

ይህን የወሰነው ሸሪዓ ሳይሆን ድስቱ ነው። ድስቱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል። ዶሮን በዝግታ፣ በለዘብተኛ እሳት ማብሰል በትክክል ከተሠራበት ወጡን ያጣፍጣል፣ እናቶችንና እህቶችንም ለሶላት ያደርሳል። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስጨንቅ፣ ቀጥሎ አሠራሩን ከነምክንያቱ እናያለን። በመጨረሻም ስሎው ኩከር ላላቸው፣ በተለይ ውጭ አገር ሆነው ለዒድ የተርኪ ደረት ለሚያበስሉ ወገኖቻችን የሚሆን ምክር አለ።

ሶላቱ የሴቶችም ነው

ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተላለፈልን፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በሁለቱ ዒዶች ልጃገረዶችም፣ ከቤት መውጣት የማያዘወትሩ ሴቶችም፣ የወር አበባ ላይ ያሉትም ጭምር እንዲወጡ አዘዋል። የወር አበባ ላይ ያሉት ከመስገጃው ራቅ ብለው የቀኑን መልካም ነገርና የሙስሊሞችን ዱዓ ይካፈላሉ። ጅልባብ የሌላት ሴት ምን ታድርግ ተብለው ሲጠየቁም እህቷ ታውሳት የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጥተዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ልብስ ማጣት እንኳ ለመቅረት በቂ ምክንያት ካልሆነ የሽንኩርት አለመድረስ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ዑለሞች የዒድ ሶላት ሑክም ላይ ይለያያሉ። ጠንካራ ሱና ነው ያሉ አሉ፤ ዋጂብ ነው ያሉ አሉ። የሴቶችን መውጣት በተመለከተም ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጡ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች ይወጡ እንደነበር የሚክድ የለም። ምግብ ማብሰልን ከዒድ ሶላት ለመቅረት ምክንያት ያደረገ ሐዲስም የለም።

ጉዳዩ እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች የበለጠ ይከብዳል። ሁለቱም ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚያቀናው መንገድ ላይ ያሉ፣ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ የሆነባቸው የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። የሞጣ ሙስሊም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጊዶቹና ሱቆቹ በእሳት ሲወድሙ አይቷል። እንዲህ ያለ ቀን ላሳለፈ ማኅበረሰብ በዒድ ጠዋት ሙሉ ሆኖ መሰብሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። ግማሹ ሰው ጓዳ ቀርቶ ጀመዓው ሞልቷል ማለት አይቻልም። ልጆችም ዒድን የሚያስታውሱት እናታቸውን ሶላቱ ቦታ ላይ ባዩበት መልክ ቢሆን ይመረጣል።

ወንዶችንም የሚመለከት ነገር አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መልሰዋል። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ዶሮ አርዶ ላባውን መንጨት፣ ከሰል ማቀጣጠል ይህን ሱና ሕያው የሚያደርጉ ሥራዎች ናቸው።

የአገራችን ዶሮ ለምን ጊዜ ይፈልጋል?

ዶሮ ወጥ ቶሎ እንዲደርስ ሲፈለግ ብዙ ሰው የሚያደርገው እሳት መጨመር ነው። ይህ ግን ብዙም አይጠቅምም። ምክንያቱን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የቦታው ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ልዩነቱ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጅዳ ወይም ዱባይ ላይ ስታበስል የቆየች እህት አገሯ ተመልሳ ያው ሥጋ ሲዘገይባት የምትገረመው ለዚህ ነው። እሳቱን ብናነደው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ወጡ ያርራል፣ ሥጋው ግን እንደጠነከረ ይቀራል።

ሁለተኛው የዶሮው ዕድሜ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው የሐበሻ ዶሮ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ሲጭር የኖረ፣ ዕድሜው የገፋ ነው። የተንቀሳቀሰና ያረጀ ሥጋ ጅማቱ ብዙ ነው። ጅማት ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ እርጥብ ሙቀት ቀስ በቀስ ይቀልጥና ወደ ለስላሳ ነገር ይለወጣል። ወጡን የሚያወፍረውና ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። ይህ ለውጥ የሚፈልገው የእሳት ብዛት ሳይሆን ሰዓት ነው። የሐበሻ ዶሮ በለዘብተኛ እሳት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ቢወስድ አያስገርምም። የእርባታ ዶሮ ግን ገና በለጋ ዕድሜው ስለሚታረድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

ሦስተኛው ብልቶቹ ነው። ጭንና ደረት አንድ ዓይነት ሥጋ አይደሉም። የጭኑ ሥጋ ጅማትና ስብ ስላለው በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ደረቱ ግን ጅማቱም ስቡም ጥቂት ነው፤ ከበሰለ በኋላ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃውን ጨርሶ ይተፋና እንደ ጥጥ ይደርቃል። 12ቱንም ብልት በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን ጭኑን፣ ጀርባውንና ክንፉን አስቀድሞ ማስገባት፣ ደረቱን ደግሞ ወደ መጨረሻው ማድረግ ነው። ለሐበሻ ዶሮ ደረቱ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ ይገባል፤ ለእርባታ ዶሮ የመጨረሻው 25 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከድስት በፊት ቢላዋው

የዶሮው ሐላልነት የሚጀምረው ከእርዱ ነው። ቢላዋው የተሳለ ይሁን፤ ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ በእርድ ጊዜ ስለታችንን እንድንስልና እንስሳውን እንዳናሰቃይ ያስተምረናል። ቢስሚላህ ይባላል፣ የመተንፈሻው ቧንቧ፣ የምግብ መውረጃው እና የአንገት ደም ሥሮቹ ይቆረጣሉ፣ ከዚያ ነፍሱ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ይጠበቃል። ላባው በቀላሉ እንዲነቀል ተብሎ ሕይወቱ ያልወጣን ዶሮ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር አይፈቀድም። ሙቅ ውሃው ውስጥም የሚቆየው ላባው እስኪላላ ብቻ ነው፤ ወዲያው አውጥቶ ሆድ ዕቃውን ማውጣት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መነሳት አለበት። ባሏ የሌለ ሴት ዶሮ ይዛ በር ላይ ቆማ የሚያርድላት ወንድ ስትጠብቅ ማየት በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ በግ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት ልትሞት የነበረችን በግ በስለታም ድንጋይ አረደች፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው እንዲበሉት ፈቀዱ። ሙስሊም ሴት ያረደችው ሐላል ነው። በዒድ ሌሊት አራጅ ፍለጋ ሰዓት ማባከን አያስፈልግም።

ዶሮውን በሎሚና በጨው ማጠብ ጥሩ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ጥሬ ዶሮ ላይ ለበሽታ የሚዳርጉ ባክቴሪያዎች ስለሚኖሩ በሚፈስ ቧንቧ ሥር አድርጎ ውሃ እያረጩ ማጠብ ጀርሙን ወደ ዕቃውና ወደ ሰላጣው ያዳርሳል። በሳፋ ውስጥ በእርጋታ ይታጠብ፤ ሳፋው፣ ቢላዋውና መክተፊያው ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።

የዒድ ሌሊት የሰዓት አያያዝ

የዒድ አልፈጥር ልዩ ችግር በዓሉ የሚታወቀው በ29ኛው ቀን ማታ መሆኑ ነው። ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች ገና አንድ ጾም አለ። ዶሮውን ቀን ላይ አርዶ ዒዱ ለነገ ወዲያ ቢሆን ፍሪጅ የሌለው ቤት ምን ያደርጋል? መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ሥጋ የሌለበትን አስቀድሞ፣ ሥጋውን መጨረሻ።

ማታ ከኢፍጣር በኋላ፦ የቁሌቱ ሥራ ይጀመራል። ለአንድ ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል። መጀመሪያ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ፣ በራሱ ውሃ እየታመሰ ውሃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ይቆያል፤ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚያ ዘይቱ ወይም ቅቤው፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገቡና ውሃ ጠብ እየተደረገ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቁላላል። ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው፤ በማታው ካለቀ ጠዋቱ ቀላል ይሆናል። ቁሌቱ በደንብ ተንተክትኮ፣ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል። ጨረቃ ሳትታይ ብትቀር እንኳ የሚባክን ነገር የለም፤ ለማግስቱ ኢፍጣር ይውላል። ዘካተል ፊጥርም ያልወጣ ከሆነ ዒዱ እንደታወቀ ይውጣ። ከሶላቱ በፊት መድረስ ያለበት ነውና ጤፍም ሆነ ስንዴ በየሰው ዑለሞች ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚገምቱት አንድ ሷዕ ተለክቶ ለባለመብቱ ይሰጥ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት፦ ወሩን ሙሉ ለስሁር የነቃ ቤት በዚህ ሰዓት መንቃት አይከብደውም። ፍሪጅ የሌለው በዚህ ሰዓት ያርዳል። አንዱ ሲነጭ አንዱ ውሃ ያሞቃል፣ አንዱ ሲበልት አንዱ ያጥባል። ፍሪጅ ያለው ዒዱ ሲታወቅ ማታውኑ አርዶ፣ አጥቦና በልቶ ማሳደር ይችላል። ጥሬ ዶሮ ያለ ፍሪጅ፣ ቤት ውስጥ በሳፋ ተነክሮ ማደር ግን የለበትም። የጎጃም ሌሊት ብርድ ቢሆንም ፍሪጅን አይተካም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት፦ ቁሌቱ እንደገና በደንብ ይንተክተካል። ጭኑ፣ ጀርባውና ክንፉ ይገባሉ፣ ሙቅ ውሃ ይጨመራል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል፤ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። ወጡ ረጋ ብሎ ከዳር ከዳሩ ብቻ መንተክተክ አለበት። የሸክላ ድስት ሙቀት ስለሚይዝና ስለማያጣድፍ ለዚህ ይመቻል። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፤ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣልና ቶሎ ቶሎ ማየት አያስፈልግም። ድስቱ እንዲህ ሲሠራ ቤተሰቡ ፈጅርን ይሰግዳል፣ ገላውን ይታጠባል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፦ ደረቱ ይገባል። ቀቅለን የላጥነው እንቁላልና መከለሻው የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ላይ ይጨመራሉ። ከ1 ሰዓት በኋላ ወጡ ደርሷል። መድረሱን ለማወቅ ጭኑ መገጣጠሚያው ላይ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ወፍራሙ ሥጋ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ወይም ሮዝ አይደለም። የእርባታ ዶሮ ከሆነ ግን እስከ ፈጅር ተኝቶ ከሶላት በኋላ መጀመር ይበቃል።

ከመውጣት በፊት፦ ወጡ እየተንተከተከ ሳለ ይወርድና ክዳኑ እንደተገጠመ በወፍራም ፎጣ፣ ከዚያም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ገለባ በተሞላ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ሙቀቱን ይይዛል። ሙሉ ድስት ከጎዶሎ ድስት የበለጠ ስለሚሞቅ ትልቅ ድስት ውስጥ ጥቂት ወጥ አናድርግ። እንዲህ የተጠቀለለ ወጥ ሁለት ሰዓት ያህል ትኩስ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከሶላት ተመልሶ አንዴ አንተክትኮ ማቅረብ ነው። ከመውጣታችን በፊት በቁጥር ጎዶሎ የሆነ ተምር በልተን እንሄዳለን፤ ይህ በዒድ አልፈጥር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልማድ ነበር።

በዐረፋ ጉዳዩ ከዚህ ይለያል። ኡዱሒያ የሚታረደው ከሶላት በኋላ ነው፤ ከሶላት በፊት የሚበስል ነገር ስለሌለ ሴቶችን የሚያስቀር ምክንያትም የለም። ዶሮ በየቤቱ ቢታረድ ችግር የለውም፤ ኡዱሒያ ሆኖ ግን አይቆጠርም። ለኡዱሒያ የሚሆኑት ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል ናቸው።

የማይታለፉ ጥንቃቄዎች

ቀስ ብሎ ማብሰል ማለት ለብ ባለ ሙቀት ማቆየት ማለት አይደለም። ባክቴሪያ በብዛት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ምግብ በዚህ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ጀርሞቹ ይሞታሉ፤ በ92 ዲግሪ የሚፈላው የደጋ ድስታችን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማፍላት፣ ቀጥሎ እሳቱን መቀነስ ነው፤ ከመጀመሪያው በደካማ ረመጥ ላይ ጥሬ ዶሮ ጥዶ መተኛት አደገኛ ነው። በማታው የተሠራ ወጥ ድስቱ ውስጥ ለብ እንዳለ አድሮ ጠዋት ቢሞቅም አያስተማምንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋምና።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከሰል ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተዳፈነ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ዶሮው በሌሊት የሚበስለው በተለየ ማድ ቤት ወይም በርና መስኮቱ ተከፍቶ መሆን አለበት። ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይደረግ።

ሦስተኛው፣ ለሶላት ሲወጣ እሳት ጥሎ መሄድ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እንኳ ቤታችን ውስጥ እሳት እንዳንተው አስተምረውናል። ባዶ ቤት ውስጥ መተውማ የባሰ ነው። ድስቱን መጠቅለሉ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ እሳቱ ጠፍቶም ወጡ ይሞቃል።

ስሎው ኩከርና የተርኪ ደረት

ስሎው ኩከር የተዳፈነ ረመጥን ሥራ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድስት ነው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ለዒድ ብዙ እንግዳ ሲጠብቁ ትልቅ ሥጋ ያለውን ተርኪ እየመረጡ ነው። ተርኪ በራሱ ሐላል ወፍ ነው፤ ጥያቄው እርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከታመነ የሐላል ሥጋ ቤት ይገዛ። አንዳንዱ የታሸገ ተርኪ እንዳይደርቅ ተብሎ የተቀመመ ፈሳሽ በመርፌ ስለሚጨመርበት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። የፈረንጅ አሠራር ወይን ጨምሩ ካለ ይተው፤ ሎሚ ወይም የዶሮ መረቅ ይተካዋል።

ከላይ ስለ ዶሮ ደረት ያልነው ለተርኪ ደረት በእጥፍ ይሠራል። ሰዎች ስሎው ኩከር ሁሉንም ያለሰልሳል ብለው ደረቱን ሙሉ ቀን ሲተዉት ደርቆና ተፈርፍሮ ይወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

በረዶ የሆነ ደረት መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ፤ ለእያንዳንዱ 2 ኪሎ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በረዶውን እንደያዘ ስሎው ኩከር ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ መሃሉ ሳይሞቅ ረጅም ሰዓት ይቆያልና። ደረቱ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬና በንጥር ቅቤ ይታሻል። ከታች ወፍራም የሽንኩርት ቁራጭ ይነጠፋል፣ ግማሽ ብርጭቆ መረቅ ብቻ ይጨመራል፤ ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚመልሰው ብዙ ፈሳሽ አያስፈልግም። ዕቃው ከግማሽ በላይ፣ ከሁለት ሦስተኛ በታች ቢሞላ ጥሩ ነው። ከነአጥንቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ደረት በዝቅተኛው ሙቀት ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይወስዳል። ከ5ኛው ሰዓት ጀምሮ የሥጋ ቴርሞሜትር ወፍራሙ ቦታ ላይ ተወግቶ 74 ዲግሪ ካሳየ ይውጣ። ሩብ ሰዓት ያርፍና ከጭረቱ በተቃራኒ ይቆረጣል። ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተጣደ ደረት ለፈጅር ይደርሳል።

ስሎው ኩከር ሽንኩርት አያቁላላም፤ ቁሌቱ በሌላ ድስት ለብቻው ይሠራና የተቆረጠው ደረት መጨረሻ ላይ ገብቶ ይዋሃዳል። ክዳኑን አንዴ መክፈት ከ20 ደቂቃ በላይ ያዘገያል፤ የቀዘቀዘ ወጥንም ለማሞቅ አይሆንም፤ በሌላ ድስት ከተንተከተከ በኋላ ትኩስነቱን ለመጠበቅ ግን ያገለግላል።

ከውጭ አገር ስሎው ኩከር ለቤተሰብ ለመላክ ያሰባችሁም ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከአሜሪካ የሚገዛው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ በደጋ አገር ሰዓቱ ይረዝማል፤ አሠራሩ ላይ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት መጨመርና የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በከፍተኛው ሙቀት መጀመር ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ከሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቅን ደግሞ፣ ሥጋው የበሰለ ቢመስልም መጣል እንጂ ለእንግዳ ማቅረብ የለብንም።

የጎረቤት ድርሻ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ጎረቤታቸውን እንዲያስታውሱ መክረዋቸዋል፤ ሙስሊም የዘገቡት ነው። ጎረቤት ሲባል ሃይማኖቱ አልተመረጠም። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ይበላል፤ ይህ ግን መዘያየርን አላስቀረም። ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት የቆየ መላ አለ፤ ለጎረቤት ከእነሕይወቱ ዶሮ ይላክለታል፣ እሱ ራሱ ያርዳል።

የሰሞኑ ዓመታት ዒድ አልፈጥር ደግሞ ከሁዳዴ ጾም ጋር እየገጠመ ነው፤ በ2017 እንዲሁ ነበር። ያኔ ለክርስቲያን ጎረቤት ዶሮውም ቅቤውም አይሆንም። ለዚህ የማታው ቁሌት ይረዳል። ሽንኩርቱ ቅቤ ሳይነካው ሩቡን ለብቻ በንጹሕ ድስት ቀንሶ በዘይትና በበርበሬ አቁላልቶ ምስር ወጥ መሥራት ይቻላል። ማማሰያው የተለየ ይሁን፤ የጎረቤትን ጾም መጠበቅም አደራ ነው። ብዙ ባየችው የሞጣ ከተማም ሆነ በቢቸና፣ በዒድ ቀን ጎረቤት በሰላም ገብቶ ያለ ጥርጣሬ የሚበላው አንድ ሳህን ምግብ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ሳህን ይዛ የምትወጣው እናት ደግሞ ዱዓውን ተካፍላ፣ ከሶላት የተመለሰች ብትሆን ደስታው ሙሉ ይሆናል።

በመጪው ዒድ በየቤታችን ጥያቄው ማን ይቀራል የሚል ሳይሆን ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል የሚል ይሁን። ሥራው በማታው ከተከፋፈለ፣ ዶሮው በሰዓቱ ከተጣደ፣ ድስቱ በጋቢ ከተጠቀለለ፣ ጠዋት በሩ ተቆልፎ ሁሉም አብሮ ይወጣል።

አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ሶደቃችንን ይቀበለን። ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም።